በእንድሪስ ፊልም የሞተችው ሴት

በ2088 ዓ.ም. ኮምቦልቻ ውስጥ ሐሙስ ማታ ሰርግ አይደገስም፤ ሽማግሌ አይላክም፤ ዕቁብ አይጣልም። ሐሙስ የፊልም ቀን ነው። በየሳምንቱ አንድ ባለጸጋ ከምንም ተነሥቶ ትልቅ ሰው ሲሆን ከተማው በሙሉ ቁጭ ብሎ ያያል። በማግስቱ ዳቦ ቤት የተሰለፈ ሰው "እንዴት አደርክ" ካለ በኋላ "የቱ ጋ አለቀስክ?" ብሎ ይጠይቃል። የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ባለታሪኩ የመጀመሪያ ዕድሉን ያየበትን ትዕይንት ለፈተና ያጠናሉ። ልጅ ሊጠይቁ የሚሄዱ ሽማግሌዎች የሙሽራውን አባት ፊልም ይዘው ይሄዳሉ፤ አባትየው ፊልም ከሌለው የአጎቱን። ፊልም የሌለው ሰው ሀብቱ ተራራ ቢያህል እንኳ የንግድ ሸንጎው ወንበር ላይ አይቀመጥም።

ዘሃራ ይማም ይህን ሁሉ ታውቃለች፤ ታያለችም። ሌላው ሰው በሚያለቅስበት ታለቅሳለች፤ ፊልሙ ሲያልቅ ግን ከፊልሙ ጋር ይለቃታል። ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ቦርከና ወንዝ ዳር የማንጎ፣ የዘይቱንና የአቮካዶ ችግኝ ታፈላለች። ባሏ አበጋዝ ጡረታ የወጣ ባቡር ነጂ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ችግኝ ያጠጣል፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ ሥር ጋደም ብሎ ከሚያልፍ ከሚያገድመው ጋር ይጫወታል። አንዲት ልጃቸው ሰመራ ከተማ ተድራለች። ዘሃራ ስለ ኑሮዋ ሲጠይቋት "አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልጎደለብኝ" ትላለች፤ ለወጉ ብላ የምትለው አይደለም።

ፊልሞቹን ከሚሠራው ፊልም ቤት የተላከችው ልጅ የመጣችው ሰኞ ጠዋት፣ ዘሃራ የማንጎ ቀንበጥ ከግንድ ጋር አጋጥማ በላስቲክ ስታስር ነበር። ሶልያና ትባላለች። ነጭ ጫማዋን ጭቃው እንዳይነካባት እየተጠነቀቀች በችግኞቹ መሀል መጣችና ጎንበስ ብላ ሰላም አለቻት።

"እማማ ዘሃራ፣ መልካም ዜና ይዤልዎት መጥቻለሁ። የአቶ እንድሪስ ቡሽራ ፊልም ለሐሙስ ደርሷል። እርስዎም አሉበት።"

"እኔ ደግሞ ምን ሠርቼ?"

"የመጀመሪያ ባለቤታቸው እርስዎ አይደሉ?"

"ነበርኩ። ሦስት ዓመት አብረን ኖረናል።"

"በጣም ያምራሉ፣ ያያሉ። ከዚያ ይሞታሉ።"

አበጋዝ የውሃውን ጎማ እንደያዘ ቀና አለ። "መቼ?"

"ወደ መካከሉ ላይ፣ አባባ" አለች ሶልያና በትሕትና።

ሕጉ እንዲህ ነው። ፊልም ቤት በሕይወት ያለን ሰው መልክ ያለ ጥያቄ መጠቀም ይችላል፤ ማስረጀት፣ ማሳመር፣ ማናገር ይችላል። በሕይወት ያለን ሰው ለመግደል ግን የሰውየውን ፈቃድ በራሱ ድምፅ መስማት አለበት። ሶልያና የመጣችው ለዚሁ ነበር። ደረቷ ላይ የሰካችው ትንሽ ነጭ ቁልፍ ቃሉን ለመቅዳት ተዘጋጅቷል።

"መጀመሪያ ልየው" አለች ዘሃራ።

ሶልያና የፊልም ማሳያ ሰሌዳዋን ዘርግታ የችግኝ መደቡ ጫፍ ላይ አቆመችው። ሆስፒታል ነው። በመስኮቱ የጠዋት ፀሐይ ይገባል። አልጋው ላይ ሃያ አራት ዓመት የሞላት ዘሃራ ተኝታለች፤ ጸጉሯ ትራሱ ላይ ተበትኗል፤ ከንፈሯ ደርቋል። ወጣቱ እንድሪስ እጇን ይዞ ተንበርክኳል። "እንድሪስ፣ እኔን እያሰብክ እንዳትቀር። ከፍ በል። እኔ ያላየሁትን እይልኝ" ትለዋለች፤ ድምፁ የራሷ ነው፣ የዱሮው። እሱ ግንባሯን ይስማል። ከዚያ መስኮቱ ብቻ ይታያል።

ዘሃራ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

"ቆንጆ ሞት ነው" አለ አበጋዝ። "እኔ እንኳ እንዲህ ያለ አላገኝም።"

"ምን ይዞኝ ነው የሞትኩት?"

"እሱ አልተገለጸም" አለች ሶልያና። "በሽታው ሲጠራ ተመልካች ይሸሻል።"

"ከዚህ በፊት ያለውስ? ድንኳኑ የታለ?"

"የምን ድንኳን?"

ዘሃራ ላስቲኩን አስቀመጠችና እጇን በቀሚሷ ጠራረገች። ሶልያና ፊልሙን ወደ ኋላ መለሰችው። እንድሪስ ባዶ ሜዳ ላይ ብቻውን ቆሞ አድማሱን ያያል፤ ከኋላው ዋሽንት ይሰማል፤ በሚቀጥለው ትዕይንት ሜዳው ላይ የመጀመሪያው መጋዘኑ ቆሟል።

"ያ ሜዳ ባዶ አልነበረም" አለች ዘሃራ። "ሰው ነበረበት። እሱን ራሱን አነጋግሬ ቃሌን እሰጥሻለሁ።"

ነገሩ እንዲህ ነበር። ዘሃራና እንድሪስ በተጋቡ በሦስተኛው ዓመት ጎረቤታቸው የእትዬ ሎሚ ባል ሞተ። እትዬ ሎሚ ወንዙ ዳር ጥሩ ቦታ ነበራቸው፤ ሽንኩርትና ጎመን ያበቅሉበት ነበር። ዘሃራ በለቅሶው ሁለተኛ ቀን ለለቀስተኛ ውሃ ስታቀርብ ከድንኳኑ ኋላ እንድሪስን አየችው። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አፉን እያንቀሳቀሰ፣ ቦታውን በእርምጃ ይለካል። ከአንዱ ጫፍ ተነሥቶ እስከ አጥሩ፣ ከአጥሩ እስከ ወንዙ። እትዬ ሎሚ ከድንኳኑ ውስጥ ይታዩት ነበር። እሳቸውም አይተውታል።

ሳምንት ሳይሞላ ሟቹ ተበድሮት ነበር የተባለ ዕዳ ወጣ፤ በዕዳው ቦታው ወደ እንድሪስ ዞረ፤ እትዬ ሎሚ ትንሽ ልጃቸውን ይዘው ወደ ደሴ ሄዱ። እንድሪስ ለዘሃራ የሚሠራውን መጋዘን፣ የሚገዛውን መኪና፣ የሚሄዱበትን ከተማ ሲነግራት አመሸ። ዘሃራ ሰምታው ስትጨርስ "ሂድ። እኔ ግን አልሄድም" አለችው። አልተጣሉም። ሽማግሌ ቁጭ ብሎ በሰላም ተለያዩ። እሱ ወጣ፣ ከፍም አለ፤ እሷ ሁለት ዓመት ብቻዋን ኖራ አበጋዝን አገባች።

ማግስቱን ማክሰኞ ዘሃራ ዳገቱ ላይ ወዳለው የእንድሪስ ቤት ወጣች። ለፊልሙ ብሎ ከአዲስ አበባ የመጣው ያን ሰሞን ነው። ሶልያና በር ላይ ጠብቃ አስገባቻት። አዳራሹ ውስጥ አንድ ጎልማሳ አሠልጣኝ ቆሞ "አገጭ ቀና! ትከሻ!" ይላል። እንድሪስ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይመላለሳል። ግድግዳው ላይ የፊልሙ እንድሪስ ሙሉ ሰው በሚያህል ቁመት ይራመዳል፤ ሥጋ የለበሰው እንድሪስ እሱን ተከትሎ ይራመዳል።

ባለ ፊልሞች ሁሉ ይህን ያደርጋሉ። ሕዝቡ ሐሙስ ፊልሙን አይቶ ዓርብ ሰውየውን በአካል ሲያገኘው ሌላ ሰው መምሰል የለበትም። እንድሪስ በፊልሙ ስለማያነክስ ጉልበቱን ታክሟል። በፊልሙ ሳቁ አጭር ስለሆነ ረጅሙን ሳቁን ትቷል። በፊልሙ ሥጋ ስለማይበላ ከመስከረም ጀምሮ ጥሬ ሥጋ አልቀመሰም፤ ወሎዬ ሆኖ።

"ዘሃራ!" አለ ሲያያት፤ ወዲያው አሠልጣኙን ዞር ብሎ አየው። አሠልጣኙ ራሱን ነቀነቀ። እንድሪስ ድምፁን ወፈር አድርጎ እንደገና "ዘሃራ" አላት።

"አንተ፣ ሰው እንዲህ ያደርጋል በስተርጅና?" አለችው።

እንድሪስ ሳቀ፤ ረጅሙን ሳቅ። አሠልጣኙ ሰዓቱን አየና ወጣ። ሶልያናም ወደ በሩ ፈንጠር ብላ ቆመች።

ተቀመጡ። ስለ ልጆቻቸው ተጠያየቁ። የአበጋዝን ጤና ጠየቃት። ከዚያ እንድሪስ ጉልበቱን እያሸ፣ "ትሞቺልኛለሽ አይደል?" አላት።

"ምን አጠፋሁ?"

"ምንም። የፊልም ቤቱ ሰዎች አንቺን በሕይወት አቆይተው ሞክረውት ነበር። ለተመልካች ሲያሳዩት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ 'ሴትዮዋ ለምን አብራው አልሄደችም?' ይላል። ከዚያ ሌላውን ፊልም በደንብ አያይም። አስቢው፤ ስድስት መርከብ ጭነት አስገብቻለሁ፣ ሁለት ከተማ መብራት አስገብቻለሁ፤ ተመልካቹ የሚያስበው ግን አንቺን ነው።"

"ብሞትስ?"

"ስትሞቺ ያለቅስና ወደ እኔ ይመለሳል።"

ዘሃራ ፈገግ አለች። የእውነት አላስቀየማትም። እንድሪስ ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ይኼኛው ድምፅ የፊልሙ አልነበረም።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አንድም ቀን አልቆጨሽም?"

"ቆጭቶኛል። ልጄ ታማ መድኃኒቱ አዲስ አበባ ብቻ ነው የተባለ ጊዜ፣ እንድሪስ ቢኖር በአንድ ቃል ያስመጣው ነበር ብዬ አስቤያለሁ። አበጋዝ በባቡሩ ይዞት መጣ፤ ዳነች። ከዚያ ወዲህ አላስታውስም።"

"ሌላ ቀንስ?"

"እንድሪስ፣ ደልቶኝ ነው የኖርኩት። ያንተም ይድላህ። አልቀናሁብህም፣ አልረገምኩህም።"

ይህን ሲሰማ ደስ የሚለው መስሏት ነበር። እሱ ግን አንድ ነገር እንደተነፈገ ሰው ሆነ። አርባ ዓመት ሙሉ ቁጭቷን ሲጠብቅ እንደኖረ ዘሃራ ያኔ ገባት።

"እንግዲህ ስማኝ" አለችው። "እኔን ግደሉኝ። ሆስፒታሉም መስኮቱም ጥሩ ነው። የእትዬ ሎሚን ድንኳን ግን አታፍርሱ።"

እንድሪስ ጉልበቱን ማሸቱን ተወ።

"ሜዳው ባዶ አልነበረም። ድንኳኑ ይተከል፤ እሳቸውም በስማቸው ይጠሩ፤ አንተም ከድንኳኑ ኋላ ስትራመድ ትታይ። ያን ካደረጋችሁ ቃሌን እሰጣለሁ።"

"ያን ካሳየሁ እኮ ወንበሩ የለም፣ ዘሃራ። ሸንጎው ይተፋኛል። ልጆቼ ምን ይሉኛል?"

"እሱን እኔ አላውቅም። አየሃቸው እኮ። እሳቸውም አይተውሃል።"

"አውቃለሁ" አለ እንድሪስ። እጁን ፊቱ ላይ አሳለፈ። ግድግዳው ላይ ያኛው እንድሪስ አሁንም እየተራመደ ነበር፤ ቀጥ ብሎ፣ ሳይደክም። እንድሪስ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ወደ በሩ ዞሮ፣ "ሶልያና፣ ድንኳኑን አስገቡት" አለ።

"ጌታዬ፣ የተመልካቹ ውጤት…"

"አስገቡት አልኩ።"

ዘሃራ ነጩ ቁልፍ ላይ ጎንበስ አለች። "እኔ ዘሃራ ይማም፣ በእንድሪስ ቡሽራ ፊልም ውስጥ እንድሞት ፈቅጃለሁ" አለች። ስትወጣ የዳገቱ ነፋስ ጥሩ ነበር። ቀለል ብሏት ወደ ቤቷ ወረደች።

ሐሙስ አደባባዩ በሰው ተሞላ። ዘሃራና አበጋዝ ከኋላ ወንበር ይዘው፣ ቆሎ እየበሉ አዩ። እንድሪስ ተወለደ፤ ተራበ፤ ተማረ፤ ዘሃራን አገባ። ከዚያ ድንኳኑ መጣ። ፊልም ቤቱ ቃሉን ጠብቋል። እትዬ ሎሚ ጥቁር ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ለቀስተኛው "እትዬ ሎሚ፣ አይዞዎት" ይላቸዋል፤ ከሸራው ጀርባ የእንድሪስ ጥላ ይራመዳል። ከአንዱ ጫፍ እስከ አጥሩ፤ ከአጥሩ እስከ ወንዙ። እትዬ ሎሚ ዓይናቸውን አንሥተው ጥላውን ያያሉ። ዘሃራ ቆሎውን እጇ ውስጥ ጨበጠችው።

ከዚያ ከፊት ካሉት ወጣቶች አንዱ ማጨብጨብ ጀመረ።

ሌላው ተከተለው። ቀጥሎ አደባባዩ በሙሉ አጨበጨበ። "ሰው ሲያለቅስ እሱ ያያል! ጀግና ማለት ይኼ ነው!" አለ አንዱ ጎልማሳ ለልጁ። የዘሃራ ሞት ላይ የሚገባው እንባ ፈሰሰ፤ ጭብጨባው ግን እንደ ድንኳኑ አልሆነም።

ሸንጎው እንድሪስን በሙሉ ድምፅ መረጠ። ፊልም ቤቱ በዓመቱ ያላየውን ውጤት አገኘ። ቅዳሜ ለዘሃራ ከእንድሪስ የድምፅ መልእክት መጣላት። "ያጨበጨቡት እዚያ ጋ ነው፣ ዘሃራ። እኔ የምፈራው እኮ እዚያ ጋ ነበር" ይላል፤ ሌላ ነገር የለውም። ሁለቴ ሰማችው።

የእሷ ሞት ግን ለከተማው ጨዋታ ሆነ። ዳቦ ቤት አንዲት ልጅ አይታት እጇን ይዛ አለቀሰች። ጎረቤቶቿ እየሳቁ እንደ ለቅሶ ቤት ዳቦ ጋግረው መጡ፤ አበጋዝ ቁጭ ብሎ "አላህ ያጥናህ" ሲሉት "አሜን፣ ከባድ ነው" ይላል። ጤና ጣቢያ መስኮቱ ላይ ያለው ወጣት ስሟን ጽፎ ቀና አለና "የሟች ዘመድ ነዎት?" አላት። "እኅቷ ነኝ" ብላው ገባች። ይህ ሁሉ አላስከፋትም።

ያስጨነቃት ሌላ ነገር ነው። ልጆች አዲስ ጨዋታ አመጡ፤ "እንድሪስ" ይሉታል። አንዱ ያለቅሳል፤ ሌላው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይራመዳል፤ የተራመደበት ሁሉ የእሱ ይሆናል። ትምህርት ቤቱ ድንኳኑን ለፈተና አስገባው። በሁለተኛው ሳምንት ሰፈራቸው ሰው ሞቶ ለቅሶ ሲደርሱ፣ ከድንኳኑ ኋላ አንድ የማያውቁት ጎረምሳ ዝግ ብሎ ሲራመድ አበጋዝ አየና ለዘሃራ በዓይኑ አሳያት። የሟቹ ሚስትም አይታዋለች። ዘሃራ ያን ቀን የማንጎ ቀንበጡን አበላሸች።

"ድንኳኑን ባላስገባው ይሻል ነበር እንዴ?" አለችው አበጋዝን።

"እኔ ምን አውቃለሁ" አለ አበጋዝ። "ግን ውሸት አይደለም።"

ከዚያ ሳምንት በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አንዲት ሴት ችግኝ ጣቢያው በር ላይ ቆመች። አርባን ያለፈች፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባት፣ የረጅም መንገድ አቧራ ጫማዋ ላይ ያለ።

"ዘሃራ የሚባሉት እርስዎ ነዎት? ሞተዋል ብለውኝ ነበር" አለች።

"ግቢ፣ ግቢ። በፊልም ነው።"

"ጦይባ እባላለሁ። የሎሚ ልጅ ነኝ።"

ዘሃራ ተነሥታ አቀፈቻት። ጦይባ ለቅሶው ጊዜ በድንኳኑ ምሰሶ ዙሪያ የምትሯሯጥ ሕፃን ነበረች፤ አሁን ቁመቷ ከዘሃራ ይበልጣል። አበጋዝ ወንበር አመጣ፤ ውሃ ቀዳ።

"እናቴ ከሞተች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው" አለች ጦይባ። "ስለ ቦታው ስታወራ ሰው አያምናትም ነበር። እኔም ራሴ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እያጋነነች ይመስለኝ ነበር። ያን ሐሙስ ከልጆቼ ጋር ተቀምጬ ሳይ ስሟ ተጠራ። ልጆቼ 'አያታችን!' ብለው ተነሡ። ፊቷን ከየት እንዳገኙት አላውቅም፤ ዓይኗ ግን የራሷ ነው።" ውሃዋን ጎንጨት አለችና "እነሱ የሚያጨበጭቡት ለእሱ ነው፤ አውቃለሁ። እኔ ግን ስሟን ነው የሰማሁት" አለች።

ዘሃራ እጇን ያዘቻት።

"ድንኳኑ የት እንደነበር ያሳዩኛል?"

ሦስቱም በወንዙ ዳር ሄዱ። የመጀመሪያው መጋዘን አሁንም አለ፤ ግድግዳው ታድሶ የእንድሪስ ሥዕል ተሥሎበታል። ፊት ለፊቱ ባለው ባዶ ቦታ የሰፈር ልጆች "እንድሪስ" ይጫወታሉ። አንዲት ልጅ መሬት ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች፤ የውሸት ለቅሶዋ ከመንገድ ይሰማል። አንድ ልጅ እጁን አጣምሮ ይራመዳል። ዘሃራ በሩ አጠገብ ያለ ድንጋይ ጋ ቆመችና "ምሰሶው እዚህ ነበር" አለች።

ጦይባ ጎንበስ ብላ መሬቱን በመዳፏ ነካችው። ልጆቹ አዩዋት። የሚራመደው ልጅ ተራው ስለነበር ሄዶ ነካ አደረጋት።

"እማማ፣ እዚህ መቆም አይቻልም። ተለክቷል።"

ጦይባ ቀና አለች። "ማን ለካው?"

"እንድሪስ ነዋ!"

"የማን ነበር?"

ልጁ አሰበ። "የሎሚ።"

"ሎሚ እናቴ ናት።"

ጨዋታው ቆመ። መሬት ላይ የምታለቅሰው ልጅ ለቅሶዋን አቋርጣ ተነሣች። ሌሎቹም መጡ። ጦይባን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት፤ ከፊልም የወጣ ሰው አይተው አያውቁም።

"የእውነት?" አለች የምታለቅሰዋ።

"የእውነት። እኔም እዚያ ነበርኩ። አምስት ዓመቴ ነበር።"

"እሺ ከዚያስ? ከድንኳኑ በኋላ ሎሚ ምን ሆነች? ፊልሙ እኮ አይናገርም።"

ጦይባ ዘሃራን አየች። ዘሃራም ከድንኳኑ በኋላ ያለውን አታውቅም፤ አርባ ዓመት ሙሉ ጠይቃ አታውቅም። እሷም መስማት ፈለገች። ድንጋዩ ጥግ ላይ ተቀመጠች፤ አበጋዝም አጠገቧ ቁጭ አለ። ልጆቹ በግማሽ ክብ ተቀመጡ፤ እጁን ያጣመረው ልጅ እጁን ፈትቶ ጉልበቱን አቀፈ።

"ከዚያማ" አለች ጦይባ፣ "የጠዋቱ መኪና አምልጦን በእግር ጀመርን። እናቴ የሽንኩርት ዘር በመቀነቷ ቋጥራ ነበር…"